የአይሱዙ ባትሪ ለቪትዝ አይሆንም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ የምኖር ጡረተኛ ሾፌር ነኝ። ሦስት ዓመት በረዳትነት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ደግሞ መሪ ይዤ ከጅማ አዲስ አበባ ቡና አመላልሻለሁ። ጋዜጣ የማንበብ ልማድ ያመጣሁት ጭነት እስኪራገፍ ወረፋ ስጠብቅ ነው፤ ለጋዜጣ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የምጽፈው ባትሪው ስለደከመ መኪና ነው። ለአንዳንድ አንባቢ ትንሽ ጉዳይ ይመስል ይሆናል። ለእኔ ትንሽ አይደለም። በወጣትነቴ ዓይኔን ሊያሳጣኝ ነበር፤ ባለፈው ሐምሌ ደግሞ ከገዛ ደጃፌ መጣ።

ልጄ ነርስ ናት። አንድ ቪትዝ አለቻት። ማታ በዝናብ ገብታ የፓርኪንግ መብራቱን ሳታጠፋ አደረች። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ሥራ ልትወጣ ቁልፉን ብታዞር ተክ ተክ ተክ ብሎ ዝም። እኔ በዚያን ዕለት ሰቃ ለቅሶ ሄጄ እዚያው አድሬ ነበር። የጅማ ሰው የቆመ መኪና አይቶ አያልፍም። ከመስጊድ የሚመለሱ አባቶች፣ የባጃጅ ልጆች፣ ዳቦ ሊገዛ የወጣ ታዳጊ ሳይቀር ተሰበሰቡ። መጀመሪያ ጭቃው ላይ እየተንሸራተቱ ገፉላት። ቪትዟ አውቶማቲክ ናት፤ አውቶማቲክ ደግሞ ተገፍታ አትነሳም። ቀጥሎ የሰፈራችን ልጅ ሊጭን የሚወጣበትን አይሱዙ አስጠግቶ ባትሪ ከባትሪ የሚያገናኝ ገመድ አወጣ።

ልጄ እንደነገረችኝ፣ የመጨረሻው ገመድ ሲነካ የዳሽቦርዱ መብራት ሁሉ ከልክ በላይ ቦግ አለ። ሬዲዮው አንዴ ጮኾ ጸጥ አለ። ከዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መጣ፤ ልጁ በድንጋጤ ገመዱን ነጠቀ። ስልክ ደውላ «አባዬ፣ መኪናው ተቃጠለ» ስትለኝ መጀመሪያ የጠየቅኳት ስለ መኪናው አልነበረም። «ፊትሽ ላይ የፈሰሰ ነገር አለ?» ነው ያልኳት። አልነበረም፤ ተመስገን። መኪናው ግን ኮምፒውተሩም፣ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞም፣ ሬዲዮውም ሄዷል። ጥገናው ከሁለት ወር ደሞዟ በላይ በላ። ባትሪው ሆዱ ተነፍቶ ነበር።

ልጁ ማታ ቤት መጣ። አልቀመጥም ብሎ በር ላይ ቆመ። «ጋሼ፣ ለመርዳት ብዬ ነው። ባትሪ ባትሪ ነው ብዬ ነው» አለኝ፤ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ገንዘብ አዋጥቼ እከፍላለሁም አለ። እኔ ግን ልቆጣው አልቻልኩም። ማን አስተማረው? መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ማንም አልነገረው። አስገብቼ ቡና አጠጣሁት፤ ከዚያ ባትሪ አውጥቼ እስኪገባው ድረስ አሳየሁት። ያን ማታ ለእሱ ያልኩትን ነው ለእናንተም የምጽፈው።

የቪትዝ፣ የኮሮላ፣ የሃይሉክስ፣ የሚኒባስ ባትሪ 12 ቮልት ነው። ውስጡ ስድስት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ ክፍል ከሁለት ቮልት ትንሽ ከፍ ያለ ይሰጣል። ሞልቶ ያረፈ ባትሪ በመለኪያ 12.6 ገደማ ያሳያል፤ ሞተር ሲሠራ ዲናሞው ወደ 14 ያወጣዋል። ወደ 12 ከወረደ ሊያልቅ ደርሷል ማለት ነው። እኛ የምናውቃቸው አይሱዙዎች፣ ከባድ መኪኖችና ትልልቅ አውቶቡሶች ግን ሁለት ባትሪ ተከታትሎ ስለታሰረላቸው 24 ቮልት ናቸው። የልጁ ገመድ አንዱ ጫፍ የመጀመሪያውን ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ሌላው የሁለተኛውን ባትሪ ኔጋቲቭ ይዞ ነበር። በዚያ ላይ ሞተሩ እየሠራ ስለነበር ከ24ም በላይ ነው የሰጣት። የዛሬ መኪና በኮምፒውተር የተሞላ ነው፤ ይህን አይችልም። የባሰው ደግሞ ባትሪው ራሱ ከመጠን በላይ ሞቆ ሊፈነዳ መቻሉ ነው። የሚያውቅ ሰው የከባዱን ሞተር አጥፍቶ፣ ከሁለቱ ኔጋቲቩ ከመኪናው አካል ጋር ከታሰረው ከአንዱ ባትሪ ብቻ ሊወስድ ይችላል። የሚያውቅ ብቻ። የማያውቅ ግን አይሱዙውን አመስግኖ ሌላ የቤት መኪና ይጠብቅ።

ስለ መፈንዳት ሳወራ ከሰው ሰምቼ አይደለም። በ1979 ዓ.ም. ረዳት ሳለሁ ፊያት ኤንትሬ በሚባለው የጭነት መኪና ቡና ጭነን ከጅማ ወጣን፤ ጊቤ በረሃ ላይ መሸብን። ራት በልተን ስንመለስ መኪናው አልነሳ አለ። ከኋላችን የቆመ ሌላ ኤንትሬ ነበር፤ ሾፌሩ ገመድ ሰጠን። ሙከራው ሁለት ሦስቴ ሳይሳካ ሲቀር የባትሪውን ውሃ ልይ ብዬ የአንዱን ክፍል ክዳን ፈታሁ። ጨለማ ነው። ክብሪት ጫርኩ።

የሰማሁት ድምፅ የጎማ ፍንዳታ ይመስል ነበር። የባትሪው ጣራ ተገንጥሎ ፊቴን መታኝ፤ አሲዱ አብሮ መጣ። ሾፌሬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ቃል ሳይናገር ማጅራቴን ይዞ አንበረከከኝ። ለራዲያተር የያዝነውን ሃያ ሊትር ጀሪካን አንስቶ በዓይኔ ላይ አፈሰሰው። እኔ ለመጨፈን ስታገል እሱ በአውራ ጣቱ የዓይኔን ቆብ ገልጦ ይዞ ያፈስሳል። ውሃችን ሲያልቅ የዚያኛውን መኪና ጀሪካን አስመጣ። ያንንም ጨረሰው። እኔ በቃኝ እያልኩ እጮኻለሁ፣ እሱ «ዝም በል ልጄ፣ ገና ነው» ይላል። ያን ሌሊት ያዳነኝ ያ ውሃ ነው። ሸሚዜን በማግስቱ ባጥበው እንደ ወንፊት ተበሳስቶ በእጄ ላይ ቀረ። በግራ ቅንድቤ ላይ ያለውን ጠባሳ ልጆቼ ከተወለዱ ጀምሮ ያዩታል።

በኋላ ነው የገባኝ። ባትሪ ሲሞላም ሆነ ኃይሉ በብዛት ሲሳብ ሃይድሮጂን የሚባል ጋዝ ያወጣል። አይታይም፣ አይሸትም። ከአየሩ ውስጥ ከመቶ አራት እጅ ብቻ ከሆነ ጀምሮ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። የእኔ ክብሪት ሆነች፤ የሌላው ሰው ሲጋራ ወይም የገመድ ጫፍ ትሆናለች። ዛሬ ስልኩ ሁሉ መብራት አለው፤ ሆኖም ማታ በላይተር ባትሪ ሲያዩ የማያቸው ሰዎች አሉ፤ ባየሁ ቁጥር ቅንድቤን ያመኛል። አሲድ ዓይን ላይ ከደረሰ ሳትጠብቁ በብዙ ንጹህ ውሃ፣ ቢያንስ ሩብ ሰዓት፣ የዓይን ቆብ እየገለጣችሁ እጠቡ፤ ከዚያ ቀጥታ ሆስፒታል።

እንግዲህ እኔ ገመድ ስይዝ የማደርገውን ልንገራችሁ። ሁለቱን መኪኖች ሳይነካኩ አስጠጋቸዋለሁ። ሁለቱንም አጥፍቼ የእጅ ፍሬን ስቤ መብራቱን፣ ሬዲዮውን፣ ማራገቢያውን እዘጋለሁ። ከዚያ ባትሪውን አየዋለሁ። ተሰንጥቆ፣ አፍስሶ ወይም ተነፍቶ ከሆነ ገመድ አላቀርብለትም፤ ይቀየራል። ደህና ከሆነ ቀዩን ገመድ መጀመሪያ በደከመው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ሌላውን ጫፉን በደህናው ፖዘቲቭ ላይ አስነክሳለሁ። ቀጥሎ ጥቁሩን በደህናው ባትሪ ኔጋቲቭ ላይ። የቀረውን የጥቁር ጫፍ ወደ ደከመው ባትሪ አልወስደውም። ከባትሪው ራቅ ያለ፣ ቀለም ያልተቀባ ጠንካራ የሞተር ብረት ፈልጌ እዚያ አስነክሰዋለሁ። የመጨረሻው ንክኪ ብዙ ጊዜ ብልጭ ይላል፤ ብልጭታው ጋዙ ካለበት ይራቅ ብዬ ነው። ብዙ ሰው አራቱንም ጫፍ ባትሪ ላይ ያደርጋል፤ መኪናውም ይነሳል፤ ስለተነሳ ትክክል የሠራ ይመስለዋል። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ነበር የማደርገው።

በገመዱ ቀለም ብቻ አትመኑ። እኛ ከተማ ስንት ጊዜ የተጠገነ መኪና አለ፤ ሁለቱም ገመድ ጥቁር ሆኖ አግኝቻለሁ፤ በፖዘቲቩ ላይ ጥቁር፣ በኔጋቲቩ ላይ ቀይ የታሰረበትም አጋጥሞኛል። ባትሪው አካል ላይ የተቀረጸውን የመደመርና የመቀነስ ምልክት በጨርቅ ወልውላችሁ ፈልጉ። ምልክቱ ከጠፋ የሁለቱን ራሶች ውፍረት አስተያዩ፤ የፖዘቲቩ ራስ ከኔጋቲቩ ትንሽ ይወፍራል። ተገላብጦ ከታሰረ ትልቁ ፊውዝ ብቻ ከተቃጠለ ዕድለኛ ናችሁ፤ ብዙ ጊዜ ዲናሞው አብሮ ይሄዳል። ደግሞ ገመዱ ኤሌክትሪክ እንዳለው ለማየት ሁለቱን ጫፎች እያጋጩ ብልጭ ማድረግ የሚባል ልማድ አለ። እባካችሁ ይቅር።

ሁሉም ከታሰረ በኋላ ደህናውን አስነስቼ አምስት ደቂቃ ያህል እጠብቃለሁ። ሰዉ የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው፤ ዝናቡም ያስቸኩላል። ያቺ አምስት ደቂቃ ግን የደከመው ባትሪ ትንሽ ነፍስ የሚዘራባት ናት። ከዚያ የደከመውን እሞክራለሁ፤ ከአሥር ሰኮንድ በላይ አላስጮኸውም፤ እምቢ ካለ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ እንዳይቃጠል አሳርፌ እደግመዋለሁ። ሲነሳ ገመዱን የማወልቀው በታሰረበት ተቃራኒ ቅደም ተከተል ነው፤ በመጀመሪያ ከሞተሩ ብረት ላይ ያለውን። ሞተሪኖው በኃይል እየዞረ መኪናው ካልነሳ ችግሩ ባትሪ አይደለም፤ ቤንዚኑን ወይም ካንዴላውን እዩ፤ ገመድ ላይ ጊዜ አታጥፉ።

ስለ ገመዱ አንድ ነገር ልጨምር። ከገበያ የምንገዛው ቆንጆ ቀይና ጥቁር ገመድ አብዛኛው ውፍረቱ ፕላስቲክ ነው። ጫፉን ገለጥ አድርጋችሁ ብታዩት ውስጡ ከስልክ ቻርጀር ሽቦ ብዙም የማይበልጥ ነጭ ሽቦ ይሆናል። ለትንሽ የቤንዚን መኪና እንኳ ሞተሪኖ ከመቶ አምፔር በላይ ይስባል፤ ናፍጣ ከሆነ በጣም ይበልጣል። ቀጭኑ ገመድ ይህን አይሸከምም፤ በእጅ ላይ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ መኪናውም አይነሳም። እኔ የምይዘው ከአሮጌ መኪና የወጣ ወፍራም የመዳብ ገመድ ነው፤ መቆንጠጫውን ራሴ አስበይጄ ነው ያሠራሁት። የምትሸጡ ነጋዴዎች፣ እባካችሁ ሰው መንገድ ላይ የሚተማመንበት ዕቃ መሆኑን አስቡ።

ከጋራዥ ባለሙያዎቻችንም አንድ ልመና አለኝ። ዲናሞ ይሠራ እንደሆነ ለማየት ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ኔጋቲቭ ማላቀቅ ድሮ የተማርነው ነው። በዚያ ዘመን መኪናው ውስጥ የሚቃጠል ኮምፒውተር አልነበረም። ባትሪው ሲላቀቅ የዲናሞው ቮልት በአንድ ጊዜ ይዘልላል፤ ያ ዝላይ የዛሬውን መኪና ይጎዳል። መለኪያ ባትሪው ላይ ብታሳርፉበት በአንድ ደቂቃ ይነግራችኋል።

አሁን ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና መጥቷል። እነሱም ከትልቁ ሌላ ትንሽ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ እሱ ሲደክም መኪናው ሙሉ ኃይል ይዞ እያለ አልነቃም ይላል። ከኤሌክትሪክ መኪና ገመድ ስቦ ሌላውን ማስነሳትን ግን አብዛኞቹ አምራቾች ይከለክላሉ። ብርቱካናማ ቀለም ያለው ገመድ ካያችሁ ደግሞ በምንም ምክንያት አትንኩት፤ እሱ የትልቁ ኃይል ነው።

ጅማ ላይ ባትሪ የሚያልቅበት ምክንያት ለእኔ ግልጽ ነው። ክረምታችን ረጅም ነው። ከቆጪ ጅማ መርካቶ፣ ከመርካቶ ሆስፒታል፣ መጥረጊያና መብራት አብርተን አሥር ደቂቃ ነድተን እናጠፋለን። የምናወጣው ሳይመለስ ሌላ ማስነሳት ይመጣል። በገመድ የተነሳ መኪናም ተነሳ ማለት ባትሪው ዳነ ማለት አይደለም። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሰርቦ ድረስ እንኳ ወጣ ብላችሁ ተመለሱ፤ ከተቻለ ደግሞ አውርዳችሁ በቀስታ አስሞሉት። 45 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ4 ወይም በ5 አምፔር አንድ ሌሊት ሙሉ ይፈልጋል። ባዶውን ለሳምንታት ከቆመ ውስጡ ያለው እርሳስ ይጠጥርና ኋላ ቢሞላም አይይዝም። ራሶቹ ላይ የሚበቅለውን ነጭና አረንጓዴ ዱቄት በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ እጠቡት፤ ስንት ሰው ባትሪ የቀየረው እሱን ባለማጠቡ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። መንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛዎች ስለ ባትሪ በክፍል ያስተምራሉ። ልጄም ደብተሯ ላይ የባትሪ ጥቅም ተጽፎ አለ፤ ገመድ ግን በእጇ ይዛ አታውቅም። ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ ግማሽ ሰዓት፣ ሁለት መኪና፣ አንድ ገመድ ይበቃል። የትራንስፖርት ኃላፊዎች ይህን እንዲያስቡበት በጋዜጣችሁ በኩል እለምናለሁ።

ከእናንተ ከከባድ መኪና ባለቤቶች የምጠይቀው ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው። ሁላችንም እንደምናየው፣ አይሱዙ ሁሉ የኋላ መዝጊያው ላይ ጥቅስ አለው፤ ስለ እናት፣ ስለ ፈጣሪ፣ ስለ ምቀኛ። ያንን ስታስጽፉ ለቀለም ቀቢው የባትሪውን ሳጥን አሳዩትና በነጭ ቀለም፣ መዳፍ በሚያክል ቁጥር፣ 24 ብሎ ይጻፍላችሁ። ሌላ ነገር አያስፈልግም። ጠዋት በዝናብ፣ በችኮላ፣ ሊረዳ የመጣ ደግ ሰው ገመድ ይዞ ሲጎነበስ ዓይኑ መጀመሪያ ያ ቁጥር ላይ ይረፍ። የእናንተም መኪና ሌላ መንደር ቆሞ ሲያድር፣ የሰውን ቋንቋ ለማያውቅ እንግዳ እንኳ ቁጥሩ ይናገራል።

እኔ ጀምሬዋለሁ። አንድ ቆርቆሮ ነጭ ቀለምና አንድ ብሩሽ ገዝቼ እስካሁን የሰፈሬን ሰባት መኪና ጽፌአለሁ፤ ባለቤቶቹን እያስፈቀድኩ። ማስጻፍ የሚፈልግ፣ ወይም መኪናው ቆሞበት ገመድ የቸገረው ካለ፣ ነጭ ዲኤክስ ኮሮላዬን ጠዋት ጠዋት ፈረንጅ አራዳ ሻይ ቤቶቹ ፊት ያገኛታል፤ ገመዱም፣ ሃያ ሊትር ውሃውም ኋላ ተጭነዋል።

ያ የሰፈራችን ልጅ የእሱን አይሱዙ እኔ እንድጽፍለት አልፈለገም። ብሩሹን ከእጄ ተቀብሎ ራሱ ጻፈው። ቁጥሩ ትንሽ ዘመም ብሏል፤ ከመንገዱ ማዶ ግን ይነበባል።

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛ የከባድ መኪና ሾፌር
ቆጪ፣ ጅማ